ቤዚክ ትሬኒንግ ከገቡ በኋላ የተፈረመበትን የውትድርና ሙያ መቀየር ይቻላል ወይ?

ጥያቄ

ታናሽ ወንድሜ በዲቪ ወደ አሜሪካ ከመጣ ብዙም ሳይቆይ በምድር ጦር ውስጥ በቋሚነት ለማገልገል ተመዝግቦ፣ አሁን ሳውዝ ካሮላይና በሚገኘው ፎርት ጃክሰን ቤዚክ ትሬኒንግ የሚባለውን የመጀመሪያውን ሥልጠና በመውሰድ ላይ ነው። አገር ቤት ሳለ በነርስነት በዲፕሎማ ተመርቆ ጤና ጣቢያ ውስጥ ይሠራ ስለነበር፣ ፍላጎቱ 68ደብሊው በሚባለው የጦር ሜዳ ሕክምና ሙያ መሰማራት ነበር። ይሁን እንጂ መልማዩ «ለጊዜው ያለው የምግብ ዝግጅት ነው፤ ከገባህ በኋላ ትቀይረዋለህ» ስላለው 92ጂ በሚባለው በዚሁ የምግብ ዝግጅት ሙያ ላይ ፈርሞ ሄደ። እሑድ ለጥቂት ደቂቃ ስልክ ሲሰጣቸው ደውሎ እንደነገረኝ፣ አብረውት የሚሠለጥኑ ልጆች ዜግነቱን እዚያው ሲያገኝ ሙያውም ሊቀየርለት እንደሚችል፣ ያ ካልሆነ ደግሞ በሙያ ሥልጠናው ሆን ብሎ ቢወድቅ ሌላ ሙያ እንደሚሰጡት ነግረውታል። ይህ እውነት ነውን? ጥያቄውን ማቅረብ ያለበትስ ለማን ነው? ያለፋችሁበት ወይም የምታውቁ ብትመልሱልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፤ በስንቅና ትጥቅ ክፍል አገልግሎ ጡረታ ከወጣ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የሚታየው ወንድምዎ የፈረመው ውል ነው። ዲዲ 4 በሚባለው የምልመላ ውል ላይ፣ በውሉና በአባሪዎቹ ከሰፈረው ውጭ ማንም ሰው የገባው ተስፋ ዋጋ እንደሌለውና እንደማይከበር በትልልቅ ፊደላት ተጽፏል፤ ምልምሉም አንብቦ የስሙን መነሻ ፊደላት ያኖርበታል። ስለዚህ «ከገባህ በኋላ ትቀይረዋለህ» የሚለው ቃል በአባሪው ላይ ካልተጻፈ፣ እንዳልተነገረ ይቆጠራል። መልማዩ ዋሽቷል ማለቴ አይደለም። በአገልግሎት ዘመን ሙያ መቀየር በእርግጥ ይቻላል፤ ነገር ግን «ከገባህ በኋላ» ያለው ከዓመታት በኋላ ማለት እንደሆነ ለልጁ አላብራራለትም።

ሙያን እንደልብ ለመቀየር የሚመቸው ጊዜ ፈርሞ የመሄጃውን ቀን በመጠባበቅ ላይ ሳለ ነበር፤ ያኔ ውሉ እንደገና ሊከፈት ይችላል። አንድ ጊዜ ማሠልጠኛ ከገባ በኋላ ግን ለሙያ ሥልጠናው የተያዘለት ወንበርና ቀን አለ። እሱ ቢለቀው ባዶ ይቀራል፣ የሚመኘው ቦታ ደግሞ በሌላ ሰው ስም ተይዟል።

መልስ፤ በ68ደብሊው በማገልገል ላይ ካለች

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ሆኖም በሥልጠና ላይ እያሉ ሙያቸው የሚቀየር ሰዎች መኖራቸውን ልጨምር። ጉዳት የደረሰበትና ለሙያው የተቀመጠውን የጤና መመዘኛ የማያሟላ፣ ሙያው የሚጠይቀውን ምስጢራዊ መረጃ የማየት የደኅንነት ፈቃድ የተከለከለ፣ ወይም በሙያ ሥልጠናው ፈተና ደጋግሞ የወደቀ ሰው ወደ ሌላ ዘርፍ ሊዛወር ይችላል። ነገር ግን አዲሱ ሙያ የሚመደበው በሠራዊቱ ፍላጎት ነው። ምርጫ ቢሰጠው እንኳ በዚያ ሳምንት ወንበር ካላቸው ጥቂት ሙያዎች ውስጥ ነው፤ የፈረመበት የገንዘብ ጉርሻ ካለም ከሙያው ጋር የተያያዘ በመሆኑ ሊያጣው ይችላል።

ሆን ብሎ መውደቅን በተመለከተ፣ እባክዎ ይህን ሐሳብ ከአእምሮው እንዲያወጣ አጥብቀው ይንገሩት። አሠልጣኞች አቅም ያነሰውንና የለገመውን ለይተው ያውቃሉ። በልግም የወደቀ ሰው ሕክምና ይሰጠኝ ብሎ የሚሟገትበት አንደበት አይኖረውም፤ ከዚያም አልፎ ከሠራዊቱ ሊሰናበት ይችላል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ አስቫብ የተባለው የውትድርና መግቢያ ፈተና ውጤቱ ስንት ነው? ለ68ደብሊው ከፈተናው ክፍሎች ተደምረው ከሚወጡት ነጥቦች ጂቲ የሚባለው 107፣ ኤስቲ የሚባለው ደግሞ 101 መሆን አለበት። ሥልጠናው ቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ውስጥ ፎርት ሳም ሂውስተን የሚሰጥ የ16 ሳምንት ትምህርት ሲሆን፣ በመካከሉ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያነት ብሔራዊ ፈተና አለበት። ፈተናው እንግሊዝኛን በፍጥነት ማንበብ ስለሚጠይቅ፣ ነርሶች ሆነው የመጡ ልጆችም ሲቸገሩበት አይቻለሁ።

ጠያቂ

የላከልኝን የወረቀት ፎቶ አየሁት፤ ጂቲ 104፣ ኤስቲ 102 ይላል። እንግዲያው መልማዩ ሕክምናውን ያልሰጠው ቦታ ስላልነበረ ብቻ አልነበረም ማለት ነው?

መልስ፤ በ68ደብሊው በማገልገል ላይ ካለች

አዎን። በሦስት ነጥብ ምክንያት ቦታ ቢኖርም አይፈቀድለትም ነበር፤ ዛሬም የሻምበሉ አዛዥ ራሱ ቢፈልግ በዚህ ውጤት ሊያዛውረው አይችልም። የሚያጽናናው ነገር ነጥቡ የሚሻሻል መሆኑ ነው። ጂቲ የሚሰላው ከቃላት ዕውቀት፣ ከአንቀጽ ንባብና በዐረፍተ ነገር ከሚቀርብ የሒሳብ ስሌት ሲሆን፣ ቃላትና ንባብ ኤስቲ ውስጥም ይገባሉ። ከሥልጠና በኋላ በሚመደብበት የጦር ሰፈር የትምህርት ማዕከል ቤሴፕ የሚባል ነፃ ትምህርት አለ፤ ወታደሮች ትምህርቱን ተከታትለው ኤኤፍሲቲ የተባለውን ፈተና በመውሰድ ነጥባቸውን ያሻሽላሉ።

መልስ፤ በቅርቡ ሥልጠና ከጨረሰ

እኔም ፎርት ጃክሰን ነበርኩ። እዚያው ግቢ ውስጥ ከ2022 ጀምሮ የሚሰጥ የቅድመ ሥልጠና ዝግጅት ኮርስ አለ፤ ነጥባቸውን እዚያ ያሻሻሉ ልጆች ዋናውን ሥልጠና ከመጀመራቸው በፊት ውላቸውን እንደገና ተደራድረው የተሻለ ሙያ ሲያገኙ አይቻለሁ። ምናልባት ወሬው ለወንድምዎ የደረሰው ከእነሱ ይሆናል። ዋናውን ሥልጠና የጀመረ ሰው ግን ይህ ዕድል አልፎታል።

ለማን ይናገር ለተባለው፣ ለድሪል ሳጅኑ፣ ማለትም ለመጀመሪያው ሥልጠና አሠልጣኙ፣ አሁን ባይናገር እመርጣለሁ። በእነዚያ 10 ሳምንታት ሥራቸው ሲቪሉን ወታደር ማድረግ ነው፤ ሙያ የማዛወር ሥልጣን የላቸውም።

መልስ፤ በስንቅና ትጥቅ ክፍል አገልግሎ ጡረታ ከወጣ

በዚህ አልስማማም። የውሉ አባሪ ላይ ያለው ኮድና የጉዞ ትእዛዙ ላይ ያለው ኮድ ቢለያዩ፣ ማለትም ሌላ ፈርሞ ሌላ ቢጻፍበት፣ ቶሎ ለድሪል ሳጅኑ ማመልከትና በእርሱ በኩል ወደ ሻምበሉ መድረስ ግዴታው ነው፤ እንዲህ ያለው ስሕተት ቶሎ ከተነገረ ይታረማል። ወንድምዎ ሁለቱን ወረቀቶች ያስተያይ። ሁለቱም 92ጂ የሚሉ ከሆነ ግን ከላይ በቅርቡ ሥልጠና የጨረሰው መላሽ የሰጠው ምክር ትክክል ነው።

መልስ፤ በሜሪላንድ ናሽናል ጋርድ ከሚያገለግል

ይህን የሚያነቡ ሌሎች እንዳይሳሳቱ፦ በጋርድና በሪዘርቭ፣ ማለትም በትርፍ ጊዜ በሚያገለግሉበት ጦር፣ አሠራሩ ይለያል። እዚያ ሙያው የታሰረው በሚኖሩበት አካባቢ ካለው ክፍል ክፍት ቦታ ጋር ነው። ክፍሉ ወይም ሌላ ቅርብ ክፍል በተፈለገው ሙያ ቦታ ካለው ለውጡ ሊሳካ ይችላል፤ ጥያቄውም በየማሠልጠኛው ባለው የጋርድ ወይም የሪዘርቭ አገናኝ ቢሮ በኩል ይቀርባል።

መልስ፤ የወታደሮችን የዜግነት ማመልከቻ በመሙላት ከሚረዳ

የዜግነቱ ጥያቄ እስካሁን መልስ ስላላገኘ እኔ ልመልስ። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ወዲህ በክብር የሚያገለግል ወታደር፣ እንደ ሲቪሉ አምስት ዓመት መጠበቅ ሳያስፈልገው ማመልከት ይችላል፤ ክፍያም የለበትም። የሚሞላው ኤን-400 ሲሆን፣ አገልግሎቱን ሠራዊቱ የሚያረጋግጥበት ኤን-426 አብሮ ይቀርባል። በሥልጠና ላይ እያሉ ቃለ መሐላ ፈጽመው ዜጋ ሆነው የሚመረቁ አሉ። ሆኖም ዜግነት ውሉን አይለውጠውም። የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ነው፤ የደኅንነት ፈቃድ የሚሰጠው ለዜጋ ብቻ ስለሆነ፣ ዛሬ የተዘጉበት ብዙ ሙያዎች ነገ ለዝውውር ክፍት ይሆኑለታል። በተጨማሪም በዚህ መንገድ ዜግነት ያገኘ ሰው አምስት ዓመት በክብር ሳያገለግል በመጥፎ ስንብት ከወጣ ዜግነቱ ሊነጠቅ ይችላል፤ ስለዚህ «ሆን ብለህ ውደቅ» የሚሉት ጓደኞቹ ከሙያ የበለጠ ነገር እያስያዙት ነው።

ጠያቂ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እንግዲህ 92ጂን ከጨረሰ በኋላ ዝውውሩን የሚጠይቀው መቼና በምን መንገድ ነው?

መልስ፤ በስንቅና ትጥቅ ክፍል አገልግሎ ጡረታ ከወጣ

ሥልጠናውን ፎርት ሊ፣ ቨርጂኒያ ጨርሶ ክፍሉ ሲመደብ፣ የክፍሉን ኬሪየር ካውንስለር፣ ማለትም የሙያና የውል እድሳት አማካሪ፣ ገና ከጅምሩ ይተዋወቅ። ዋናው በር ውሉን የሚያድስበት ወቅት ነው፤ ያኔ ሙያ ለመቀየር ብሎ መፈረም ይችላል፣ ከዚያ በፊትም በዲኤ 4187 ቅጽ መጠየቅ ይቻላል። ሁለት ነገር ይወስነዋል፦ የሚለቀው ሙያ የሰው እጥረት ካለበት አይለቁትም፤ የሚሄድበት ደግሞ ሰው ከሞላው አይቀበሉትም። ሁኔታው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ አንዴ «የለም» ቢባል ተስፋ አይቁረጥ። በነገራችን ላይ ወጥ ቤት የሚሠራ ወታደር ሌሊት ለቁርስ ተነሥቶ ከሰዓት በኋላ ነፃ የሚሆንበት ፈረቃ አለው፤ ለጥናት ይመቸዋል።

መልስ፤ በ68ደብሊው በማገልገል ላይ ካለች

ለነርስ ከእኔ ሙያ ይልቅ የሚቀርበው 68ሲ ነው። ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ነርስነት ሲሆን፣ ሥልጠናው ረዘም ያለና በሲቪሉ ዓለም ለሚያገለግል የነርስነት ፈቃድ ፈተና የሚያበቃ ነው። የሚጠይቀው ነጥብ ከ68ደብሊው ጋር አንድ ስለሆነ ዝግጅቱ ለሁለቱም ይሆናል። ደብዳቤ ሲጽፉለት በአንድ ጊዜ ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላትን ከነትርጉማቸው በእጅዎ ጽፈው ይላኩለት፤ መጽሐፍ ግን አይላኩ፣ እስኪመረቅ ድረስ ከሻንጣው ጋር ሊቆለፍበት ይችላል።