እናቴን በዊልቸር የሚወስድ ትራንስፖርት፣ ዲሲና ሜሪላንድ ያላችሁ እባካችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት። እናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፣ ግሪን ካርድ አላት። የዛሬ አራት ወር ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ አልታዘዝ አለ፣ አሁን ያለ ዊልቸር አትንቀሳቀስም። መኪናዬ ትንሽ ናት፣ ከወንበሩ አንስቼ ሳስገባት ወገቤ አለቀ፣ ባለፈው ደግሞ ነጠላዋ ጎማው ላይ ተጠምጥሞ ሁለታችንም ልንወድቅ ነበር። የግል ቫን ጠርቼ ለአንድ ቴራፒ ደርሶ መልስ 160 ዶላር ከፈልኩ፣ ቀጠሮዋ በሳምንት ሁለቴ ነው ከየት አመጣለሁ? አምስት ዓመት ስላልሞላት ሜዲኬይድ፣ ማለት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድን፣ አታገኝም ስለተባልኩ ትራንስፖርቱም አይሆንላትም ብዬ ትቼው ነበር። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ቤተክርስቲያን ከሄደች አራት ወሯ ነው፣ እሁድ እሁድ ቅዳሴውን በስልክ እከፍትላትና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታዳምጣለች። የምታውቁት ካለ በእግዚአብሔር ንገሩኝ።

መልስ፦
እህቴ እግዚአብሔር ይማርልሽ፣ አይዞሽ። እኔም አባቴን በዊልቸር ይዤ ሦስት ዓመት ስለተመላለስኩ የማውቀውን ልንገርሽ። መጀመሪያ የአምስት ዓመቱን ነገር ከዚህ አውጪው፣ እሱ የሜዲኬይድ ነው። ሜዲኬይድ ያለው ሰው ወደ ሐኪም የሚወስደው መኪና በነፃ ያገኛል፣ እሱ ለጊዜው ለእናትሽ ላይሆን ይችላል። ሜትሮአክሰስ ግን ሌላ ነው፣ በአውቶቡስና በባቡር መሄድ ለማይችሉ አካል ጉዳተኞች ከቤት ወስዶ የሚመልስ የሕዝብ ትራንስፖርት ነው፣ በፈረንጆቹ 1990 በወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ፣ ኤዲኤ በሚሉት፣ የመጣ መብት ነው። የሚያዩት በአውቶቡስና በባቡር ለብቻዋ መሄድ ትችላለች ወይ የሚለውን እንጂ አሜሪካ ስንት ዓመት ቆየች ወይም ገቢዋ ስንት ነው አይደለም። ለጥየቃ የመጣ እንግዳ እንኳን በዓመት ውስጥ 21 ቀን መጠቀም ይችላል፣ ይሄንን ስንቱ የኛ ሰው አያውቅም መሰለሽ።

ደግሞ ለሐኪም ብቻ አይደለም። የት ነው የምትሄጂው ብለው ጉዞ መምረጥ አይችሉም፣ ቤተክርስቲያን በይው ለቅሶ በይው ሠርግ በይው እኩል ነው። አባቴ መጀመሪያ የሄደበት የጓደኛው ተዝካር ነበር፣ ሾፌሩ ራምፑን፣ ዊልቸር የሚገፋበትን መወጣጫ፣ አውርዶ አስገባውና ወንበሩን በአራት ማሰሪያ ከወለሉ ጋር ጠፍሮ ሲያስረው አባቴ ደንግጦ እጄን ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ፣ በሁለተኛው ቀን ግን ለመደው። ነጠላዋን ጭኗ ላይ አጥፈሽ ከሥሯ ሸጉጪላት።

የሜትሮአክሰስ ማመልከቻ ፎርሙ ላይ ሐኪሙ የሚሞላው ክፍል አለ። ስትሮክ ብሎ ብቻ እንዳይተወው፣ ስንት እርምጃ ትሄዳለች፣ ቆማ አውቶቡስ መጠበቅ ትችላለች ወይ፣ ደረጃ ትወጣለች ወይ፣ እሱን ዘርዝሮ ይጻፍ። ረዳት ያስፈልጋታል የሚለውንም አስሞዪ፣ ከተፈቀደ አብሯት የሚሄደው ረዳት አይከፍልም። ከዛ በአካል ቀርባ ትታያለች፣ እዚህ ጋ ነው የኛ እናቶችና አባቶች የሚቸገሩት። እንዴት ነዎት ሲሏት «ተመስገን ደህና ነኝ» ካለች ደህና ናት ብለው ይጽፋሉ! አባቴ እንደዛ ብሎ ተከልክሎ በይግባኝ ነው ያገኘው፣ ለይግባኝ 60 ቀን አለሽ። ስለዚህ ቀደም ብለሽ አስረጃት፣ ከባዱን ቀኗን ትናገር፣ አማርኛ አስተርጓሚም ጠይቂ በነፃ ነው። ሁሉም ተሟልቶ ከገባ በኋላ በ21 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጡሽ እስኪወስኑ ድረስ አገልግሎቱን ሊሰጧት ግዴታ አለባቸው፣ ቀኑን ጽፈሽ ያዢ።

ሌላ መልስ፦
እኔ ታክሲ ነው የምነዳው። ወንድሜ ካለው ላይ ልጨምርልሽ፣ ዊልቸሩ የሚታጠፍ ከሆነ ማንም ታክሲ አልጭንም ማለት አይችልም፣ ለወንበሩም ተጨማሪ ማስከፈል ክልክል ነው። የማይታጠፍ ከሆነ ስትደውዪ ራምፕ ያለው መኪና ብለሽ ለይተሽ እዘዢ። ሞንጎመሪ ካውንቲም ኮል ኤን ራይድ የሚባል አለው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የታክሲ ሒሳብ ያግዛል፣ ጠይቂ። ቤት ልትቀይሪም ካሰብሽ ከአውቶቡስ መስመር አትራቂ። ሕጉ ሜትሮአክሰስን የሚያስገድደው ከመስመሩ ግራና ቀኝ ሦስት አራተኛ ማይል ድረስ ነው፣ ቤት ረከሰ ብሎ ርቆ ሄዶ እናቱ ቤት የቀረችበት ሰው አውቃለሁ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ። ፎርሙን ዛሬ ጠዋት አተምኩት፣ ሐሙስ ሐኪሟ ጋ ቀጠሮ አላት ይዤው እሄዳለሁ። ለእማዬ ስነግራት መጀመሪያ ያለችኝ «ሾፌሩ ይጠብቀኛል? ቅዳሴ ቢረዝምስ?» ነው። የመመለሻውን ሰዓት ስንት ብዬ ልያዝ?

መልስ፦
ሾፌሩ ከመጣ በኋላ የሚጠብቀው 5 ደቂቃ ነው፣ ስለዚህ ቅዳሴ በሚወጣበት ሰዓት እንዳትይዢ። ጠበል አለ፣ ሰላምታ አለ፣ አራት ወር ያላዩዋት ሰዎች ከበው አይለቋትም። ቢያንስ አንድ ሰዓት ጨምሪበት። ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ደውለሽ ነው የምትይዢው፣ ለእሁድ ቅዳሜን አትጠብቂ ቀደም አድርጊው፣ ሲደውሉልሽ እንድትሰሚም ስልክሽን ቅዳሴ ላይ በንዝረት አድርጊው እንጂ አትዝጊው።