ቴልዲር የሰጠኝን ቁጥር ይዤ ስመለስ ፋይል ይዘላል

ጠያቂ (ባሕር ዳር)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሲ (C) ቋንቋ የጻፍኩት ፕሮግራም በጣና ገዳማት የተነሱ የብራና ፎቶዎችን ከአንድ ፎልደር እያነበበ መጠናቸውን ያሳንሳል፤ ወደ 18,000 ፋይል ነው። መብራት ሲሄድ ካቆመበት እንዲቀጥል ብዬ፣ ከእያንዳንዱ ሪድዲር (ቀጣዩን የፋይል ስም ከሚያነብ ትእዛዝ) በኋላ ቴልዲር (ንባቡ የደረሰበትን ቦታ የሚናገረው) የሚመልሰውን ቁጥር ሌላ ፋይል ላይ እጽፋለሁ። መብራት ሲመጣ ፎልደሩን በኦፕንዲር እከፍታለሁ፣ ከዚያ በሲክዲር ወደዚያው ቁጥር እዘላለሁ። አንዳንዴ በትክክል ይቀጥላል፤ አንዳንዴ አንድ ፎቶ ይዘላል፣ ወይም ሃያ ሠላሳ ያህል ይደግማል። ፎልደሩን በፍላሽ ገልብጬ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሳስነሳውማ ጭራሽ ይጠፋበታል። ቁጥሮቹም ግራ ያጋባሉ፦ 412906657218840213፣ ቀጥሎ 413388120945517306። ሊኑክስ ነው፣ የዲስኩ የፋይል ሥርዓት (ፋይል ሲስተም) ኤክስት4።

ጣና ዳር፦
ያ ተራ ቁጥር አይደለም። ኤክስት4 ፋይሎቹን የሚያወጣልህ በስማቸው ሃሽ (ከስሙ በስሌት የሚወጣ ቁጥር) ቅደም ተከተል ነው፤ ቴልዲር የሚሰጥህም ሃሹን ነው። የመጨረሻውን ፋይል ካነበብክ በኋላ 9223372036854775807 ታያለህ። ፍላሹ ፋት በሚባለው ሌላ የፋይል ሥርዓት ከሆነ ግን ቁጥሩ ፎልደሩ ውስጥ ያለ የባይት ርቀት ነው፤ ሌላው ዲስክ ኤክስት4 ቢሆን እንኳ ሃሹ የሚነሳበት ቁጥር ከዲስክ ዲስክ ይለያያል። በፖዚክስ (የእነዚህ ትእዛዞች መስፈርት) ቁጥሩ የሚያገለግለው ለዚያው በኦፕንዲር ለተከፈተው ንባብ (ዲር) ብቻ ነው። በክሎዝዲር ከዘጋኸው አበቃ፤ ንባቡን ወደ መጀመሪያው የሚመልሰውን ሪዋይንድዲር ከጠራህም የድሮው ቁጥር አይታመንም።

ዘጌ ቡና፦
አንዱ ፎቶ የሚዘለው ግን በሃሹ ምክንያት አይደለም። ሪድዲር ፋይሉን ሲሰጥህ ቦታው ወደ ቀጣዩ ተሻግሯል። ፎቶው ገና በመሠራት ላይ እያለ መብራት ቢጠፋ፣ የጻፍከው ቁጥር የሚያመለክተው ቀጣዩን ነው፤ ያልተጠናቀቀው ቀረ ማለት ነው። የሚደግመው ደግሞ ቁጥሩ ሜሞሪ ላይ ቆይቶ ዲስክ ላይ ስላልወረደ ነው። ኤፍፍላሽ የሚባለው ትእዛዝ እስከ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ብቻ ያደርሰዋል፤ ዲስክ ላይ የሚያሳርፈው ኤፍሲንክ ነው።

የተሠራውን ፎቶ እዚያው ፎልደር ውስጥ ነው የምትጽፈው? በንባብ መሃል የተጨመረን ፋይል ሪድዲር ሊያመጣውም ሊተወውም ይችላል።

ጠያቂ፦
አዎ፣ እዚያው ነው። ለካ መጠናቸው ሁለቴ የተቀነሰ ፎቶዎች ያገኘሁት በዚህ ነው! ታዲያ በቁጥሩ ፋንታ ምን ልያዝ?

ግሽ ዓባይ፦
ምንም አትያዝ ወንድሜ፤ ሥራው ራሱ ምልክት ይሁንህ። ውጤቱን ለብቻው ሌላ ፎልደር አድርገው። እያንዳንዱን ፎቶ መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ጻፍ፣ ኤፍሲንክ አድርግ፣ ከዚያ በሪኔም (ስም መቀየሪያው ትእዛዝ) ትክክለኛ ስሙን ስጠው። ሪኔም በግማሽ አይቀርም፤ ስሙ ካለ ፎቶው ሙሉ ነው። ጊዜያዊ ፎልደሩና የውጤት ፎልደሩ ግን አንድ ዲስክ ላይ ይሁኑ፣ አለዚያ ሪኔም እምቢ ይላል። ፕሮግራሙ እንደገና ሲነሳ ከመጀመሪያው ያንብብ፤ ውጤቱ ያለውን ይለፍ። 18,000 ስም ማጣራት ፎቶ ከማሳነሱ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። በስም ቅደም ተከተል ከፈለግክ ስሞቹን ሁሉ አንብቦ የሚደረድር ስካንዲር አለልህ፤ አብሮት የሚሰጠው የፊደል ማወዳደሪያ፣ አልፋሶርት፣ በኮምፒውተሩ የቋንቋ ሴቲንግ ስለሚመራ፣ በሁለቱም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት እንዲሆን ስሞችን በባይታቸው በሚያወዳድረው በስትሪንግ ኮምፔር የራስህን ማወዳደሪያ ስጠው።

ጣና ዳር፦
ቴልዲርን ጨርሰህ አትጣለው። ዲሩ ሳይዘጋ ወደ ኋላ መመለስ ሲያስፈልግህ ይሠራል፤ ከሪድዲር በፊት ጠርተህ በሎንግ (ትልልቅ ቁጥር በሚይዝ የቁጥር ዓይነት) ያዘው። ጠባብ በሆነው ኢንት ላይ ካስቀመጥከው ከላይ የጻፍካቸው ቁጥሮች ይቆረጣሉ። ሪድዲር ነል (ባዶ) ሲመልስም አለቀ ብለህ አትደምድም፤ ስህተትም ነል ነው። ከመጥራትህ በፊት ኤርኖን (የስህተት ቁጥር መያዣውን) 0 አድርገው፣ ነል ሲመጣ ከ0 ከተለወጠ ዲስኩን መርምር።