ከመሬት በታች የተቀበረ የቤንዚን ታንክ ሲያፈስ አራት የአፈር ናሙናዎች ይበቃሉ?

ጥያቄ (የንብረት ክፍል ኃላፊ)

በምሠራበት ድርጅት ግቢ ከሃያ ዓመት በላይ ተቀብሮ የቆየ፣ ባለ አንድ ግድግዳ የብረት የቤንዚን ታንክ ነበር። የምናስገባውና የምንቀዳው መጠን አልገጥም ብሎ በመለኪያ ዘንግ ስንከታተል ጉድለቱ በየሳምንቱ ስለተደጋገመ ታንኩ ወጥቶ ታየ፤ ከሥሩም ዝገት የበላቸው ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ተገኙ። ተቋራጩ ከጉድጓዱ አራት ግድግዳዎች አንድ አንድ የአፈር ናሙና ወስዶ ካስመረመረ በኋላ፣ ውጤቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ጉድጓዱ ተደፍኖ ጉዳዩ እንዲዘጋ ሐሳብ አቅርቧል። እኔ ግን ከጉድጓዱ ወለል የወጣው አፈር ወደ ግራጫና አረንጓዴ ያደላ እንደነበር፣ ሽታውም ዐይን ያቃጥል እንደነበር አይቻለሁ። ከቦታው 60 ሜትር ያህል ርቆ ሰዎች የሚጠጡት የውሃ ጉድጓድ አለ። የአፈሩ ውጤት ዝቅተኛ ከሆነ ውሃውም ደኅና ነው ማለት ይቻላል? ካልሆነስ ከየት መጀመር ይገባል?

መልስ (የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ)

ማለት አይቻልም። ከሁሉም አስቀድሞ ውሃው ተመርምሮ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ከዚያ ጉድጓድ መጠጣቱ ይቁም፤ ሌላው ሥራ ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ከታንክ ሥር የፈሰሰ ነዳጅ በአብዛኛው ቁልቁል ነው የሚወርደው። አፈሩ አሸዋማ ከሆነ በጠባብ መስመር ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ሸክላማ ንጣፍ ካጋጠመው ደግሞ በንጣፉ ላይ ወደ ጎን ይሸሻል። ስለዚህ የጉድጓዱ ግድግዳዎች ንጹሕ ሆነው ወለሉ በነዳጅ የራሰ መሆኑ የሚያስገርም ነገር አይደለም፤ እርስዎ በዐይንዎ ያዩት አፈርም ይህንኑ የሚያመለክት ነው። ናሙና መወሰድ የነበረበት ከቀዳዳዎቹ ትይዩ ከወለሉ፣ እንዲሁም ነዳጁ ከሚያልፍባቸው ቧንቧዎች መጋጠሚያ ሥር ነው። ይህን ለማድረግ ግን ማንም ሰው ወደ ጉድጓዱ አይግባ። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፤ ከአየሩ 1.4 በመቶ ያህል ሲደርስም በትንሽ ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። ናሙናው በቁፋሮ ማሽኑ ባልዲ ከወጣው አፈር መካከል ይወሰድ።

ነዳጁ የውሃው ወለል ላይ ሲደርስ ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል። የውሃው ወለል በዝናብ ወራት ከፍ፣ በደረቅ ወራት ዝቅ ሲል ነዳጁም አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ በሚያልፍበት አፈር ሁሉ እየተለቀለቀም ይቀራል። ከዚህ ንብርብር ወደ ውሃው የሚሟሟው ክፍል ነው ወደ መጠጥ ጉድጓዱ የሚጓዘው።

ወዴት እንደሚጓዝ ለማወቅ ቢያንስ ሦስት የመከታተያ ጉድጓዶች ያስፈልጋሉ፤ በአንድ መስመር ላይ ሳይሆን ሦስት ማዕዘን ሠርተው መቆፈር አለባቸው። የእያንዳንዱ ቧንቧ አፍ ከፍታ በሌቭል መሣሪያ በጥንቃቄ ከተለካ በኋላ፣ በአንድ ቀን ከሦስቱም የተወሰደው የውሃ ጥልቀት የፍሰቱን አቅጣጫ ይሰጣል። የመሬቱን ተዳፋት ብቻ አይቶ መገመት ያሳስታል፤ በተለይ የመጠጥ ጉድጓዱ በፓምፕ የሚሳብ ከሆነ ውሃውን ወደ ራሱ ሊያዞረው ይችላል። የመከታተያ ጉድጓዶቹ ማጣሪያ ቧንቧም፣ ማለትም ውሃ የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ያሉት የቧንቧው ክፍል፣ ከውሃው ወለል በላይና በታች የሚዘልቅ ይሁን። ሙሉ በሙሉ ከውሃው በታች ከሰጠመ ተንሳፋፊው ነዳጅ ወደ ጉድጓዱ ሳይገባ ስለሚቀር ንጹሕ የመሰለ ውጤት ይገኛል።

መልስ (የላቦራቶሪ ባለሙያ)

በስም መመሳሰል ግራ እንዳንጋባ፣ ከማደያ የሚቀዳውን ነዳጅ ቤንዚን፣ በውስጡ ያለውን መርዛማ ውሁድ ደግሞ ቤንዝን እለዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የቤንዝን መመሪያ መጠን በሊትር 10 ማይክሮ ግራም ነው። በቤንዚኑ ውስጥ ያለው ቤንዝን አንድ በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ ከነዳጁ ጋር የተነካካ ውሃ ከዚህ መጠን ከሺህ እጥፍ በላይ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ጠቅላላ የነዳጅ መጠን ብቻ ተለክቶ ዝቅተኛ ነው መባሉ አያጽናናም፤ ቤንዝን፣ ቶሉዊን፣ ኤቲል ቤንዝንና ዛይሊን እያንዳንዳቸው ለየብቻ መለካት አለባቸው።

አፈሩ በምን ዕቃ እንደተያዘ ይጠይቁልኝ። እነዚህ ውሁዶች ተናኝ ስለሆኑ አፈሩ ተበትኖ በላስቲክ ከረጢት ከተጓዘ ላቦራቶሪ ሳይደርስ አብዛኛው ይተናል፤ መሣሪያው ዝቅተኛ ቁጥር የሚያወጣው አፈሩ ንጹሕ ሆኖ ሳይሆን ናሙናው ስለባከነ ሊሆን ይችላል። ለውሃ የምንጠቀመው ባለ 40 ሚሊ ሊትር የመስታወት ብልቃጥ ነው። ውሃው ከአፉ ጉብ እስኪል ይሞላል፣ ክዳኑ ይጠብቃል፣ ከዚያ ብልቃጡ ተገልብጦ በጣት መታ መታ ይደረጋል። የአየር አረፋ ከታየ በሌላ ብልቃጥ እንደገና ይቀዳል። ናሙናው በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ቀዝቅዞ ይጓዛል፤ ንጹሕ ውሃ የያዘ አንድ ብልቃጥም በመንገድ የገባ ብክለት ካለ እንዲያሳይ አብሮ ይሄዳል።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሰነዱን ሳየው ናሙናዎቹ በላስቲክ ከረጢት ታሽገው፣ ያለ ማቀዝቀዣ አድረው በማግስቱ የተላኩ ናቸው። የመጠጥ ጉድጓዱን ዛሬ አስቁመናል። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፤ የመከታተያ ጉድጓዶቹ በመጀመሪያው ምርመራ ንጹሕ ቢሆኑ ጉዳዩን መዝጋት ይቻላል? ነዳጅ ቢገኝስ፣ በጉድጓዱ ውስጥ የሚለካው ውፍረት በአፈሩ ውስጥ ያለውን መጠን ያሳያል?

መልስ (የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ)

አንድ ምርመራ የአንድ ቀን ውጤት ነው። የውሃው ወለል ከፍ ባለበትም ዝቅ ባለበትም ወራት፣ ቢያንስ ዓመቱን ሙሉ በየሦስት ወሩ ቢታይ ይሻላል። ውፍረቱን በተመለከተ፣ በጉድጓድ ውስጥ የሚታየው ነዳጅ ብዙ ጊዜ በዙሪያው ባለው አፈር ካለው ይወፍራል፤ በደቃቅ አፈር ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። ያንን ቁጥር በቦታው ስፋት አባዝቶ የፈሰሰውን ሊትር ማስላት ትልቅ ስሕተት ነው፤ የፈሰሰውን ለመገመት የመለኪያ ዘንጉ መዝገብ ይሻልዎታል።

በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅንና ብረትም አብረው ያስለኩ። ነዳጅ የሚበሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ኦክሲጅኑን ስለሚጨርሱት፣ በውሃው ፍሰት አቅጣጫ ከታንኩ በላይ ካለው የመከታተያ ጉድጓድ ይልቅ በታች ባለው ኦክሲጅኑ ዝቅ፣ የሟሟው ብረት ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ ቤንዝኑ በዚያ ቀን ባይታይም ነዳጁ በዚያ መስመር እንዳለፈ ጠንካራ ምልክት ነው። በአቅራቢያው ምድር ቤት ያለው ሕንፃ ካለም የአየሩ ምርመራ ከውሃው ጋር እኩል ይካሄድ፤ ተኑ በወለል ስንጥቅና በቧንቧ ቦይ ወደ ክፍሎች ይገባል። ተቋራጩም የወለሉ አፈር በአግባቡ ተወስዶ ሳይመረመር ጉድጓዱን እንዳይደፍን ዛሬውኑ በጽሑፍ ያሳውቁት።