የሽንኩርት ህዋስ በ10 ይታያል፣ በ40 ይጠፋል፤ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

መምህርት፣ ፍኖተ ሰላም

ሰላም ለሁላችሁ። በ9ኛ ክፍል የህዋስን ምዕራፍ ጀምረናል። ያለን አንድ ማይክሮስኮፕ ነው፤ አይፒሱ (ዐይን የሚቀርብበት ሌንስ) 10 እጥፍ፣ ኦብጀክቲቮቹ (ከናሙናው በላይ ያሉት ሌንሶች) 4፣ 10፣ 40 እና 100 እጥፍ የሚያጎሉ ሆነው ብርሃን የሚያገኘው ከሥሩ ባለው መስተዋት ነው። ናሙናው የገበያ ቀይ ሽንኩርት፣ ማቅለሚያው ከፋርማሲ የተገዛ ቲንክቸር አዮዲን ነው። ሦስት ነገር አስቸገረን። ተማሪዎቹ ዳሩ ጥቁር የሆነ ድብልብል ነገር ሲያዩ «ህዋስ አገኘን» ይላሉ። በ10 ኦብጀክቲቭ የህዋሶቹ ድርድር ጥርት ብሎ ይታያል፣ ወደ 40 ስናዞረው ግን ጭጋግ ብቻ ነው፤ ሌንሱ ስላይዱን (ናሙናው ያለበትን መስታወት) እስኪነካ ብናቀራርበውም አይጠራም። ኑክሊየሱ ደግሞ በአንዳንዱ ህዋስ ይታያል፣ በአብዛኛው የለም። የት ላይ ነው የምናስተካክለው?

የላብራቶሪ ቴክኒሻን፣ ደብረ ማርቆስ

መምህርት፣ ሌንስ የሚያስበላው ሁለተኛው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ስላይዱን አንሥተው ከቨር ስሊፑ (ናሙናውን የሚሸፍነው ስስ መስታወት) በየት በኩል እንዳለ ይዩ። በ10 ጠርቶ በ40 ጭራሽ እምቢ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ስላይዱ ተገልብጦ ተቀምጧል። የ40 ኦብጀክቲቭ ምስል ሲያጠራ ከናሙናው የሚርቀው ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ በብዙዎቹ 0.6 አካባቢ። የስላይዱ ውፍረት ራሱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ሌንሱ ስላይዱን ይገጫል እንጂ ናሙናው ላይ አይደርስም። 10ሩ ከናሙናው በብዙ ሚሊ ሜትር ርቆ ስለሚሠራ መገልበጡ አያግደውም፤ ለዚህ ነው ስህተቱ ተደብቆ የሚቆየው።

ስላይዱ በትክክል ከተቀመጠ የሚቀጥለው ጥርጣሬ የ40ው ሌንስ ጫፍ ላይ የደረቀ አዮዲን ነው። ከቨር ስሊፕ ሳይደረግ ሲታይ ወይም ፈሳሹ በዝቶ ሲተርፍ ሌንሱን ይነካና ይደርቅበታል። ቆሻሻው የት እንዳለ ለመለየት አይፒሱን በቦታው ያዙሩት፤ አብሮ ከዞረ አይፒሱ ላይ ነው። ስላይዱን ሲገፉ አብሮ ከሄደ ስላይዱ ላይ ነው። ሁለቱም ካልሆነና ምስሉ በ40 ብቻ ከደፈረሰ ኦብጀክቲቩን ይጥረጉ፤ የሌንስ ወረቀት በተጣራ ውሃ አርጥበው፣ ካልለቀቀ በጥቂት አልኮል። በጋውን ጫፍ ወይም በነጠላ አይሆንም፤ ጨርቁ የያዘው አቧራ ሌንሱን ይጭረዋል።

አካሄዱ እንዲህ ይሁን። በ4 ፈልገው ያግኙ፣ በ10 ያጥሩ፣ የሚፈልጉትን ህዋስ መሐል ያድርጉት። ከዚያ ዐይንዎን ከአይፒሱ አንሥተው በጎን እያዩ 40ውን ያዙሩ። ከዚህ በኋላ ትልቁ የምስል ማጥሪያ ማዞሪያ አይነካም፤ ትንሹን ብቻ፣ ወደ ግማሽ ዙር ያህል ወዲህና ወዲያ። ከዚያ በላይ ከፈለገ ጥፋቱ ሌላ ነውና ወደ 10 ይመለሱ።

ስለ ብርሃኑም ልጨምር። ማይክሮስኮፑ ኮንደንሰር (ብርሃኑን ናሙናው ላይ የሚሰበስብ ሌንስ) ካለው የመስተዋቱን ጠፍጣፋ ገጽ፣ ከሌለው ጎድጓዳውን ይጠቀሙ። ወደ መስኮት ወይም ወደ ሰማይ ያዙሩት፤ ፀሐይዋ ላይ ግን በፍጹም፣ ዐይን ያጠፋል። የመስኮቱ ፍሬም ምስሉ ውስጥ ከገባ ኮንደንሰሩን ትንሽ ዝቅ ያድርጉ። በዳመና ቀን የስልክ መብራት በነጭ ወረቀት ሸፍነው ከሥር ማብራት ይቻላል። ዳያፍራሙን (የብርሃኑን መግቢያ የሚያጠብና የሚያሰፋውን) ሙሉ በሙሉ ከፍቶ መተው የተለመደ ጥፋት ነው፤ ብርሃኑ ሲበዛ ቀለም የሌለው ህዋስ ይሟሟና ይጠፋል። በ10 ጠበብ፣ በ40 ከዚያ ትንሽ ሰፋ ያድርጉት። አጉልቶ ከማየት ይልቅ ብርሃኑን ማስተካከል ነው ብዙ የሚያሳየው።

የባዮሎጂ መምህር፣ እንጅባራ

የቀደመው ወንድሜ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ናሙናው ልበል።

ጥቁር ዳር ያለው ድብልብል የአየር አረፋ ነው። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲያልፍ በኃይል ስለሚታጠፍ ዳሩ ይጠቁራል፣ ውስጡ ባዶ ነው። ከቨር ስሊፑን በመርፌ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ብትጫኑት አረፋው ይንሸራተታል ወይም ቅርጹን ይለውጣል፤ ህዋስ ግን ከጎረቤቶቹ ጋር ተያይዞ ይቆያል። ተማሪዎች ይህንን ራሳቸው ቢፈትኑት አይረሱትም። እንዳይፈጠር አንድ ጠብታ ውሃ መጀመሪያ ስላይዱ ላይ፣ ከዚያ ናሙናው፣ ከዚያ ከቨር ስሊፑ በ45 ዲግሪ አንዱ ጠርዙ ውሃውን ነክቶ በመርፌ ቀስ እያለ ይውረድ።

የሽንኩርቱን ልጣጭ ሳይሆን ከሥጋማው ሽፋን ጎድጓዳ ጎን ስሱን ገለፈት በወረንጦ ግፈፉት። 5 በ5 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከታጠፈ ሁለት ደርብ ህዋስ ይደራረብና ምንም አይለይም። ቲንክቸሩን 1 ለ5 በውሃ አቅጥኑት፤ ሳይቀጥን ሁሉንም ያጠቁራል። 3 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ትርፉን በሶፍት ከጠርዝ ምጠጡት።

ኑክሊየሱ «የለም» የሚባለው አለ። የሽንኩርት ህዋስን መሐል የሚሞላው ትልቅ ቫኩዩል (በፈሳሽ የተሞላ ከረጢት) ነው፤ ኑክሊየሱን ወደ ግድግዳው ይገፋዋል። አንዱ ጎን ላይ፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ጥራት ላይ ቆሞ ሁሉንም መጠበቅ አይቻልም፤ ትንሹን ማዞሪያ ቀስ እያሉ ሲያዞሩ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይወጣል። ሰማያዊ ጥቁር ፍሬዎች ካያችሁ ግን ኑክሊየስ አይደሉም፤ በዚያው ምላጭ ድንች ተቆርጦበታል ማለት ነው፣ ስታርች ነው።

ቀይ ሽንኩርት ደግሞ ሌላ ዕድል ይሰጣል። ከውጪው ጎን፣ ቀዩን ገለፈት ያለ አዮዲን እዩት፤ ቀለሙ ያለው ቫኩዩሉ ውስጥ ነው። ከዚያ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ በአንዱ ጠርዝ ጠብ አድርጉ፣ በሌላው በሶፍት ሳቡ። በደቂቃዎች ውስጥ ቀዩ ይኮማተርና ከግድግዳው ይላቀቃል። ግድግዳውና የህዋስ ሽፋኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በዐይን የሚታይበት ከዚህ የተሻለ ሙከራ አላውቅም።

አንባቢ፣ ባሕር ዳር

አንድ ነገር ብቻ። ተማሪዎች የሽንኩርቱን ሥዕል ሲሥሉ መጽሐፉን አይተው ክሎሮፕላስት (አረንጓዴውን ቀለም የያዘውን የህዋስ ክፍል) ይጨምራሉ። ሽንኩርቱ አፈር ውስጥ ያደገ ክፍል ነው፤ ክሎሮፕላስት የለበትም። ክሎሮፕላስት ለማሳየት በክረምት ድንጋይና ግንድ ላይ የሚበቅለውን ሞስ ውሰዱ፤ ቅጠሉ በአብዛኛው አንድ ደርብ ህዋስ ስለሆነ ሳይቆረጥና ሳይቀለም አረንጓዴዎቹ ፍሬዎች ይታያሉ። ለሌላ ናሙና ከጣና ወይም ከወንዝ ውሃ የምታስቀዱ ከሆነ ግን ልጆቹ እግራቸውን እንዳያስገቡ፣ ቢልሃርዚያ አለ።

መምህርት፣ ፍኖተ ሰላም

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የህዋሱን መጠን ማሳየትስ ያለ ልዩ መለኪያ ይቻላል?

የላብራቶሪ ቴክኒሻን፣ ደብረ ማርቆስ

ይቻላል። ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ማስመሪያ በ4 ኦብጀክቲቭ ሥር ያስቀምጡና የሚታየው ክብ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሰፋ ይቁጠሩ። 4.5 ቢሆን፣ በ10 ክቡ 4.5 ሲባዛ በ4 ሲካፈል ለ10፣ ማለትም 1.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ40 ደግሞ 0.45። በ10 ሆነው በቁመታቸው ተከታትለው ክቡን የሚሞሉትን ህዋሶች ይቁጠሩ። 6 ከሆኑ እያንዳንዱ 0.3 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 300 ማይክሮን ነው። ሥዕሉ ላይ ተማሪዎች «100 እጥፍ» ብለው ይጽፋሉ፤ እሱ አይፒሱና ኦብጀክቲቩ ያጎሉት ነው፣ የሥዕሉ አይደለም። ህዋሱን 60 ሚሊ ሜትር አድርገው ከሣሉት፣ 60 ለ0.3 ሲካፈል ሥዕሉ 200 እጥፍ ነው።