የኮምፒውተር ክፍላችን አሮጌ ማሽኖች ይጠገኑ ወይስ በጥቂት አዲስ ይተኩ?

የኮሚቴው ጸሐፊ፣ ሐይቅ፦
የተከበራችሁ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች፤ እንደምታውቁት የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ከተዘረፈ በኋላ፣ በውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን አሰባስበው በመላካቸው እንደገና ተከፍቶ ነበር። ዛሬ ከ31ዱ የሚሠሩት 14 ብቻ ናቸው። እነሱም ላይ የተጫነው ዊንዶውስ 7 ወይም 10 ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። በእጃችን ያለው ገንዘብ ወይ ስድስት አዳዲስ ላፕቶፖችን ይገዛል፣ ወይ አሮጌዎቹን ያስጠግናል፤ ለሁለቱም አይበቃም። ሐሳባችሁን ከነምክንያቱ ጻፉልን።

የኔትወርክ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ፦
እኔ አዲስ ይገዛ ከሚሉት ወገን ነኝ። ድጋፍ የተቋረጠበት ሲስተም ዛሬም እንደ ትናንቱ ይነሣል፣ ይጽፋል፣ ያትማል፤ ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። ከእንግዲህ የሚገኝበትን ቀዳዳ ግን የሚደፍንለት የለም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ዓለምን ሲያዳርስ መከላከያው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ ከተጠቁት አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7ን ሳያድሱ የተቀመጡ ነበሩ። በእኛ ክፍል ደግሞ የአንድ ተማሪ ፍላሽ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ሁሉንም ማሽን ሲዞር ይውላል። ፎልደሩ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተቀይሮ አይቶ ያልደነገጠ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም።

«ዊንዶውስ 11ን በዘዴ እንጭነዋለን» የሚሉ ወንድሞችም አሉ። ኩባንያው የሚጠይቀው ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቺፕ) እና፣ ኢንቴል ከሆነ፣ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ነው። በዘዴ ቢታለፍ እንኳ 24ኤች2 ከተባለው እትሙ ጀምሮ ኮር ቱ ዱዎ በተባለው የቆየ ፕሮሰሰር ላይ ጨርሶ አይነሣም፤ ሲስተሙ የግድ የሚፈልጋቸው ትእዛዞች በዚያ ፕሮሰሰር ውስጥ የሉምና። በተጨማሪም ላፕቶፕ መብራት ሲሄድ በባትሪው ይቀጥላል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኦንላይን መሰጠት በጀመረበት ዘመን፣ ልጆቻችን በፈተና ቀን የማያውቁት ማሽን ፊት ባይቀመጡ እመርጣለሁ።

የጥገና ባለሙያ፣ ደሴ፦
እኅቴ ስለ ዊንዶውስ የጻፈችው ሁሉ እውነት ነው፤ ስለ ማሽኖቹ ግን ሳይከፍቱ መፍረድ አይገባም። ጸሐፊው ባለፈው ወር በጠየቁኝ መሠረት ከማይሠሩት 17 ውስጥ 12ቱን ከፍቼ አይቻለሁ። አራቱ የራም (የጊዜያዊ ማስታወሻው) እግራቸው ከመቆሸሹ በቀር ምንም አልነበረባቸውም፤ አውጥቼ በላጲስ ጠርጌ ስመልሰው ተነሡ። በሦስቱ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም መልክ ያላት ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቃለች። ባትሪዋ ስታልቅ ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳል፣ ሲከፈትም «ኤፍ1ን ተጫን» ብሎ ይቆማል። ማንም የሚጫንለት ስላልነበረ «ተበላሽቷል» ተብሎ ጥግ ላይ ተቆልሎ ነበር። ኤፍ1ን ተጭነው ያለፉትም ቢሆኑ ኢንተርኔቱ እንቢ ይላቸዋል፤ ማሽኑ ገና 2009 እ.ኤ.አ. ላይ ስለሆነ ብራውዘሩ የድረ ገጾቹን የደኅንነት ምስክር ወረቀት ጊዜው ያልደረሰ አድርጎ ያየዋል። በዚህ ምክንያት ስንት ጊዜ «ኔትወርክ የለም» ተብሎ ትምህርት እንደ ታጠፈ መምህርቷ ይንገሩን።

ሁለቱ ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። በፓወር ሰፕላዩ (ኃይል ማከፋፈያው) ጀርባ ያለችው ቀይ ማብሪያ 115 ላይ እንዳለች በእኛ 220 ቮልት ላይ ስለ ተሰኩ በመጡበት ቀን ፈንድተዋል፤ ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ይቀየር። ሌሎች ሁለት ማዘርቦርዶች ላይ ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ጣሳዎች) አናታቸው አብጦ ቡናማ ፈሳሽ አውጥተዋል፤ ከ1999 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ድረስ በተመረቱ ቦርዶች ላይ በሰፊው የታወቀ ጉድለት ሲሆን፣ ነቅሎ በሌላ መተካት ይቻላል። ጨርሶ የሞተው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ለመለዋወጫ ይሆናል።

ስለ ፍጥነታቸው የሚነሣውን ቅሬታ አልክድም። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪቀርብ ድረስ የማይነሣ ኮምፒውተር እኔም አይቻለሁ። ነገር ግን በአብዛኛው የሚጎትታቸው ፕሮሰሰሩ ሳይሆን የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። አነስተኛ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ተገጥሞለት፣ ራሙ ወደ 8 ጊጋባይት ከፍ ብሎ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀው የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ተጠርጎ አዲስ ሲቀባ፣ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት የሚሆን ማሽን ይወጣዋል። በዚያ ላይ በዊንዶውስ ፈንታ በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስ እንጫን ነው የምለው፤ ሊኑክስ ክራክ (ያለ ክፍያ መክፈቻ) አይፈልግም። ዛሬ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ዊንዶውሶች በምን እንደ ተከፈቱ ሁላችንም ስለምናውቅ፣ ስለ ደኅንነት ስንከራከር ይህንንም ባንዘነጋው መልካም ነው።

አንድ ወላጅ፣ ኩታበር፦
ልጆቼ፣ የምትሉት ቴክኒክ ብዙውን አልገባኝም። አንድ ነገር ግን ልጠይቃችሁ፦ በአንድ ክፍል ስልሳ ልጅ አለ። ስድስት ላፕቶፕ ለአሥር ልጅ አንድ ማለት ነው። የኔዋ ልጅ እንደሆነ ከኋላ ቆማ የሰው ትከሻ ስታይ ልትመረቅ ነው።

የአይሲቲ መምህርት፦
አባባ የጻፉት በየቀኑ የማየው ነው። አንዱ ልጅ ኪቦርዱን ይይዛል፣ ሌሎቹ ምክር ይሰጣሉ። ስለዚህ ጥገናውን እደግፋለሁ፤ ሆኖም ሊኑክስን በተመለከተ ከጥገና ባለሙያው ይልቅ ጠንቀቅ እላለሁ።

ለተማሪው ብዙም አያስቸግርም። ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ዓይነት ያየ ልጅ በሁለት ክፍለ ጊዜ ይለምደዋል፤ በነጻው የቢሮ ፕሮግራም በሊብሬ ኦፊስ ላይ የተማረው ቀመርም ኤክሴል ላይ አይጠፋበትም። ችግር ያለው መምህራን ዘንድ ነው። የብዙ ዓመት የአማርኛ ፈተናዎቻችንና የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎቻችን የተጻፉት ፓወር ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የቆዩ ፎንቶች ነው። እነዚያ ፎንቶች የግዕዝን ፊደል በእንግሊዝኛው ፊደል ቁጥር ላይ የደረቡ ስለሆኑ፣ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈቱ ገጹ በሙሉ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. የዓለም ፊደላት የጋራ ቁጥር በሚያገኙበት በዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ሊኑክስም አቢሲኒካን የመሰሉ ፎንቶች ስላሉት አዲስ ለሚጻፈው ሥጋት የለንም። ያለፈውን ግን አንድ ሰው ተቀምጦ ካልለወጠው በቀር እናጣዋለን። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ማሽን ከነዊንዶውሱና ከነፓወር ግዕዙ ከኢንተርኔት ተነጥሎ ይቆይ።

የሒሳብ ባለሙያ፣ ወልድያ፦
በመምህርቷ ሐሳብ ላይ ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ጨምሩበት። የሒሳብ አያያዝ ሥራ ለማግኘት የሚጠየቀው ፒችትሪ ሲሆን፣ የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ነው። ስሙ ወደ ሴጅ 50 ከተቀየረ ዓመታት ቢቆጠሩም፣ በእኛ አገር ቢሮዎች ዛሬም የሚከፈተው የድሮው ፒችትሪ 2010 ነው። እኔ ራሴ የምሠራበት ዊንዶውስ 7 ማሽን የኔትወርክ ገመዱ ከተነቀለ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ መጠባበቂያውን በየሳምንቱ አርብ በሁለት ፍላሽ እይዛለሁ፣ እነዚያ ፍላሾች ሌላ ማሽን ላይ አይሰኩም። አሮጌ ሲስተም በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ ይያዛል እንጂ ስልሳ ተማሪ ፊት ተከፍቶ አይተውም።

የቀድሞ ተማሪ፣ አዲስ አበባ፦
ሦስተኛ መንገድ አለ፤ አንድ ጠንካራ ኮምፒውተር ተገዝቶ አሮጌዎቹ ያለ ሃርድ ዲስክ ከእሱ በኔትወርክ ይነሡ። ሥርዓቱ ኤልቲኤስፒ ይባላል፤ እድሳቱም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይደረጋል።

የጥገና ባለሙያ፣ ደሴ፦
ወንድሜ፣ ሐሳቡ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ያ አንድ ማሽን የታመመ ዕለት ክፍሉ በሙሉ ይዘጋል። መብራት በሚቆራረጥበት በእኛ ዘንድ አይሆንም።

የኔትወርክ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ፦
የወላጃችን ጥያቄ ከብዶኛል፤ መልስ አለኝ ብዬም አልዋሽም። ሆኖም የጥገናው ወገን የዘለለው ነገር አለ። ሊኑክስም ያረጃል። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ካወጣው 13ኛ እትሙ ጀምሮ ለ32 ቢት ኮምፒውተሮች መጫኛ ማዘጋጀቱን ትቷል፤ ስለዚህ ከመካከላቸው ባለ 32 ቢት የሆኑ ፔንቲየም 4 ማሽኖች ካሉ ከወዲሁ ከቁጥር ይውጡ። ለቀሩትስ እድሳቱን በየወሩ የሚያወርደው፣ የይለፍ ቃሉን የሚይዘው ማን ነው? ጥገና ባለሙያው ደሴ ናቸው፣ መምህርቷ በሳምንት ሃያ ምናምን ክፍለ ጊዜ ያስተምራሉ። ዛሬ የተጠገኑት 25 ማሽኖች በሁለት ዓመት ውስጥ ተመልሰው ጥግ የሚቆለሉ ከሆነ፣ ገንዘቡን ያጠፋነው ለታይታ ነው።

የአይሲቲ መምህርት፦
ጥያቄው ተገቢ ነው። ከዚያ በፊት ግን ለማንም ጽፌው የማላውቀው አንድ ችግር አለ። ማሽኖቹን ሳጥናቸው ላይ ስንነካቸው ይነዝሩናል፤ ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ በተወለወለ ማግስት ደግሞ ይብሳል። ተማሪዎቹ ለምደውት ፍላሽ ሲሰኩ በእጅጌያቸው ይይዙታል። ይህ ከብልሽቱ ጋር ይገናኛል?

የጥገና ባለሙያ፣ ደሴ፦
ይገናኛል፤ እኔም ማሽኖቹን ወደ ደሴ አስመጥቼ ስለ ከፈትኳቸው ክፍሉን አላየሁትም ነበር። ትናንት ሐይቅ ወርጄ በቴስተር ለካሁ። በሳጥኑና በምድር መካከል 104 ቮልት አገኘሁ። ሶኬቶቹ ባለ ሦስት ቀዳዳ ቢሆኑም ሦስተኛው፣ የምድር መስመሩ፣ ከግድግዳው ጀርባ ከምንም ጋር አልተገናኘም። በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉት የማጣሪያ ካፓሲተሮች ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ሳጥኑ ያፈስሳሉ። በደኅናው ጊዜ በምድር መስመሩ ይወርዳል፤ መስመሩ በሌለበት ሳጥኑ የመስመሩን ግማሽ ያህል ቮልቴጅ ተሸክሞ ይቆያል። ያ ኤሌክትሪክ እጅን የሚነዝር ሲሆን፣ ፍላሽና ፕሪንተር ሲሰካ መሰኪያውንም ሊያቃጥል ይችላል። አንድ ፓወር ሰፕላይ በውስጡ ቢነካካ ደግሞ ነገሩ ከመንዘር ያልፋል። በዚህ ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣውን ግፊት የሚያበርድ ስቴብላይዘር አላየሁም። በዚህ ክፍል ውስጥ የእኅቴም አዳዲስ ላፕቶፖች ቻርጀራቸው ይቃጠላል፣ የእኔም ጥገና ከንቱ ይሆናል።

የኔትወርክ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ፦
የምድር መስመሩ ይቅደም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም፣ የልጆች ሕይወት ነውና ዛሬውኑ ክፍሉ ይዘጋ። ከዚያ በሚተርፈው ገንዘብ ላይ ግን አልተስማማንም። ለአራት ላፕቶፕ ከበቃ አሁንም ላፕቶፕ እላለሁ።

አንድ ወላጅ፣ ኩታበር፦
ለአሥራ አምስት ልጅ አንድ ሆነ ማለት ነዋ።

የኮሚቴው ጸሐፊ፣ ሐይቅ፦
ክፍሉ ከዛሬ ከሰዓት ጀምሮ ተዘግቷል፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ማክሰኞ መጥቶ ዋጋውን ይነግረናል። በዚህ መካከል መምህርቷና ጥገና ባለሙያው ከተነሡት ሁለቱን መርጠው፣ ኤስኤስዲ ገጥመውና ሊኑክስ ጭነው፣ የምድር መስመር ባለው በርእሰ መምህሩ ቢሮ ያስቀምጧቸዋል። ድምፅ የምንሰጠው ከኮምቦልቻዋ ባለሙያችን ጀምሮ ሁላችንም ተቀምጠን ከሞከርናቸው በኋላ ነው።