ሪች ደምሬ 125% መጣብኝ፤ ነገ ጠዋት ለደንበኛ ማቅረብ አለብኝ

ፀደይ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ፤ የምታውቁ ቶሎ ድረሱልኝ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የዘመቻ ሪፖርት አቀርባለሁ። ቴሌቪዥን 60%፣ ዲጂታል 45%፣ ሬዲዮ 20% ሪች (ማስታወቂያው ቢያንስ አንዴ የደረሰው ሰው ድርሻ) አምጥተዋል። «ጠቅላላ ሪች» በሚለው ሳጥን ሦስቱን ደምሬ 125% አስገባሁ። ረቂቁን ቀድሜ ልኬው ስለነበር ደንበኛው «ከመቶ ሰው መቶ ሃያ አምስቱ እንዴት ያያል?» ብሎ መለሰልኝ። ምን ላድርገው? 100% ብዬ ልዝጋው? አማካይ ፍሪኩዌንሲውንስ (አንድ ሰው በአማካይ ስንት ጊዜ እንዳየው) በየትኛው ቁጥር ላካፍል? ኤክሴል ላይ የሚገባ ቀመር ካለ እሱን ብቻ ስጡኝ፣ ጊዜ የለኝም።

ሠንጠረዥ
ሪች አይደመርም። ሬዲዮውን ከሰማው ሰው ብዙው ቴሌቪዥኑንም አይቶ ሊሆን ይችላል፤ ስትደምሪ እሱን ሁለቴ ቆጠርሽው። የምታባዢው *ያልደረሳቸውን* ነው። ቴሌቪዥን ያልደረሰው 40%፣ ዲጂታል ያልደረሰው 55%፣ ሬዲዮ ያልደረሰው 80%። ሲባዙ 17.6% ይመጣል፤ ይህ አንዱም ያልደረሰው ሕዝብ ነው። ከ100 ሲቀነስ 82.4%።
ኤክሴል ላይ፦ =1-(1-0.6)*(1-0.45)*(1-0.2)
የሴይንስበሪ ቀመር ይባላል። 100% ብለሽ እንዳትዘጊው፤ እሱ ከ125ቱ ይብሳል፣ አንድም ሰው አልቀረንም ማለት ነው።

ዋዛ
125% ከሆነ እኮ ሩቡ ሕዝብ በሕልሙም ደግሞ አይቶታል።

ጋሽ ሚዛን
ቀመር ብቻ ስጡኝ ማለት ነው ችግሩን ያመጣው፤ ስለዚህ ታገሺኝ። ሪች የሚቆጥረው ሰው ነው፤ አንድ ሰው ሃያ ጊዜ ቢያይም አንድ ነው። ጂአርፒ (ግሮስ ሬቲንግ ፖይንት) የሚቆጥረው መታየትን ነው፣ ዘመቻው ከታሰበለት ሕዝብ በመቶኛ ተሰልቶ፤ ያው ሰው ሃያ ጊዜ ካየ ሃያው ሁሉ ይቆጠራል። ሁለቱን የሚያገናኘው ፍሪኩዌንሲ ነው፦ ጂአርፒ ማለት ሪች በመቶኛ ሲባዛ በአማካይ ፍሪኩዌንሲ። የቴሌቪዥንሽ ሪች 60 ሆኖ ሰው በአማካይ 5 ጊዜ ካየው 300 ጂአርፒ ገዝተሻል።
ከዚህ የሚወጣው ሕግ እንዲህ ነው። ጂአርፒም ኢምፕሬሽንም (የመታየት ብዛት) በስፖት (በእያንዳንዱ የማስታወቂያ ስርጭት)፣ በሳምንት፣ በሚዲያ መደመር ይችላሉ። ሪች በየትኛውም አቅጣጫ አይደመርም፤ በሚዲያ ብቻ ሳይሆን በሳምንትም። የአንደኛው ሳምንት 30%፣ የሁለተኛው 30% ቢሆን የሁለት ሳምንቱ 60% አይደለም፤ ብዙዎቹ ያው ሰዎች ናቸው። ሪፖርትሽ ውስጥ ሌላም ሳጥን በዚህ መንገድ ተደምሮ እንደሆነ ዛሬ ማታውኑ ፈትሺ። አማካይ ፍሪኩዌንሲን ለጠየቅሽው፦ የሦስቱን ጂአርፒ ድምር ለጠቅላላ ሪች አካፍይ። የየሚዲያውን ፍሪኩዌንሲ ደምሮ ለሦስት ማካፈል ስሕተት ነው።

መሠረት
ከቀመሩ በፊት አንድ ጥያቄ፦ 45 በመቶው የማን 45 በመቶ ነው? የቴሌቪዥኑ 60% ከጠቅላላው ታርጌት (ዘመቻው ከታሰበለት ሕዝብ) ነው ብለን እንያዝ። የዲጂታሉ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰላው ከኢንተርኔት ተጠቃሚው ወይም መድረኩ «ሊደረስ የሚችል» ብሎ ከሚሰጠው ቁጥር ላይ ነው። መሠረታቸው የተለያየ መቶኛዎች አይባዙም፣ አይነጻጸሩም። ታርጌቱ ስንት ሰው ነው? ዲጂታሉ የደረሰው ስንት ሰው ነው? ጂአርፒዎቹስ?

ፀደይ (ጠያቂ)
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ እውነት ነው ሳምንታቱንም ደምሬያለሁ፤ እያስተካከልኩ ነው። መሠረት፣ ታርጌቱ 4,000,000 ሰው ነው። ዲጂታሉ 900,000 ሰው፣ 5,400,000 ኢምፕሬሽን። 45 ያልኩት በታርጌቱ ውስጥ ካሉት 2,000,000 ኢንተርኔት ተጠቃሚዎች ላይ ነው። ቴሌቪዥን 300 ጂአርፒ፣ ሬዲዮ 80፤ እነሱ ከጠቅላላው ላይ ናቸው። ዲጂታሉ ከ4 ሳምንቱ የቴሌቪዥን ዘመቻ 2 ሳምንት ቀድሞ ነው የጀመረው፣ ግን እሱ ለውጥ ያመጣል ብዬ አላስብም።

ፈጣን
ቀላል ነው፦ 1 ሲቀነስ (0.4 ሲባዛ 0.55 ሲባዛ 0.8)፣ 82.4% ይመጣል። ጻፊውና ተኚ።

መሠረት
ፈጣን፣ ከላይ የተባለውን ነው የደገምከው፤ 45 ግን ከጨዋታ ውጪ ሆኗል። 900,000 ለ4,000,000 ሲካፈል 22.5% ነው። 5,400,000 ኢምፕሬሽን ለ4,000,000 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 135 ጂአርፒ። ማረጋገጫው፦ 135 ለ22.5 ሲካፈል 6፤ 5,400,000 ለ900,000 ሲካፈልም 6። ከተስማሙ ሪቹና ጂአርፒው በአንድ መሠረት ላይ ተሰልተዋል ማለት ነው። አሁን 0.4 ሲባዛ 0.775 ሲባዛ 0.8 = 0.248፤ ሪቹ 75.2%። ከ82.4 ጋር ያለው ልዩነት 7.2 ነጥብ ነው፤ በ4,000,000 ላይ 288,000 ሰው። ይህን ያህል ሕዝብ ከሌለበት ማምጣት አይቻልም።

ቀን ቆጣሪ
ቆዩ፣ «2 ሳምንት ቀድሞ ነው የጀመረው» የሚለውን ማንም አላየውም? ቴሌቪዥኑ የ4 ሳምንት፣ ዲጂታሉ የ6 ሳምንት ሪች ነው ማለት ነው። 75.2 የየትኛው ጊዜ ነው ተብለሽ ብትጠየቂ ምን ትያለሽ? ሪች ያለ ጊዜ ገደብ ትርጉም የለውም።
ደግሞም 900,000ን በ6 አካፍለሽ በ4 እንዳታባዢው። የሪች መስመር ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ይነሣና ከዚያ ይተኛል፣ ምክንያቱም እየቆየ ሲሄድ ማስታወቂያው የሚያርፈው ቀድመው ባዩት ላይ ነው። መድረኩ ላይ ገብተሽ የቀኑን ክልል ከቴሌቪዥኑ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ጋር እኩል አድርጊና ሪፖርቱን እንደገና አውጪ። ሰንጠረዡ በሳምንት ተከፋፍሎ ከወጣ የሳምንቶቹን ሪች አትደምሪ፤ ክፍፍሉን አጥፍተሽ ለጠቅላላው ክልል አንድ ረድፍ ብቻ እንዲሰጥሽ አድርጊ። ኢምፕሬሽኑንም ከዚያው ከአዲሱ ሪፖርት ውሰጂ።

ፀደይ (ጠያቂ)
አወጣሁት። ለ4 ሳምንቱ 760,000 ሰው፣ 3,600,000 ኢምፕሬሽን። በ6 አካፍዬ በ4 ባባዛው ኖሮ 600,000 ነበር የምጽፈው!

ሠንጠረዥ
መሠረትና ቀን ቆጣሪ ልክ ናቸው፤ መሠረቱን ሳልጠይቅ ቀመር መስጠቴ የኔ ጥፋት ነው። እንደገና፦
ዲጂታል ሪች 760,000 ለ4,000,000 = 19%። ጂአርፒ 90። ፍሪኩዌንሲ 4.7።
ያልደረሳቸው 0.4 ሲባዛ 0.81 ሲባዛ 0.8 = 0.2592። ጠቅላላ ሪች 74.1%።
ጠቅላላ ጂአርፒ 300 + 90 + 80 = 470። አማካይ ፍሪኩዌንሲ 470 ለ74.1 = 6.3።
ደንበኛው «ቴሌቪዥን 5፣ ዲጂታል 4.7፣ ሬዲዮ 4 ሆኖ የጠቅላላው አማካይ እንዴት ከሁሉም በለጠ?» ማለቱ አይቀርም። መልሱ መደራረቡ ነው፦ በሁለትና በሦስት ሚዲያ የተደረሰው ሰው እይታዎቹ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ይቆለላሉ።

ጋሽ ሚዛን
ቀመሩ አንድ ነገር እንደሚገምት በግርጌው ጻፊ፦ ቴሌቪዥን ማየትና ኢንተርኔት መጠቀም እርስ በርስ አይነካኩም ብሎ ነው የሚነሣው። እውነታው እንዲያ ላይሆን ይችላል። ዲጂታሉን የገዛሽው ቴሌቪዥን እምብዛም የማያዩትን ፈልገሽ ከሆነ እውነተኛው ሪች ከ74.1 ይበልጣል። ያው ብዙ የሚያየውና ብዙ የሚሰማው ሰው ከሆነ በሦስቱም የተመታው፣ ያንሳል። ዳር ድንበሩን ማወቅ ይጠቅምሻል፦ ከትልቁ ከ60 ሊያንስ አይችልም፣ ከድምሩ ከ99 ሊበልጥ አይችልም። «በግምት 74%» በይ፤ ነጥብ አንዱን ተይው፣ ያልለካነውን ትክክለኛነት ያስመስላል።

ጥያቄ አለኝ
እኔ በመነሻው አልስማማም። ደንበኛው ቢያንስ አንዴ የደረሰውን ሰው ብዛት ምን ያደርግለታል? ዘመቻው አዲስ ምርት ማስተዋወቅ ከሆነ የሚጠየቀው 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ያየው ስንት ነው የሚለው ነው። አማካይ 6.3 ማለት ሁሉም ስድስት ጊዜ አየ ማለት አይደለም፤ ጥቂቱ ሃያ ጊዜ አይቶ ብዙው አንዴና ሁለቴ ብቻ አይቶ ሊሆን ይችላል። አማካዩ ያንን ይሸፍነዋል።

ጋሽ ሚዛን
አማካይ ይሸፍናል ያልከው እውነት ነው። «3 ጊዜ» የሚለው ግን እንደ ሕግ መያዝ የለበትም። የማስታወቂያ ተመራማሪው ኸርበርት ክሩግማን እ.ኤ.አ. በ1972 ሦስት ሲል የተናገረው ስለ አእምሮ ደረጃ ነበር፤ መጀመሪያ «ምንድን ነው?»፣ ቀጥሎ «ለኔ ምኔ ነው?»፣ ሦስተኛው ማስታወሻ። ሰው ልብ ሳይለው ያለፈ ስፖት እዚያ ውስጥ አይቆጠርም። በኋላ የመጡት ናቸው ወደ ስፖት ቆጠራ የለወጡት። የታወቀ ምርት ሊገዛ ለተዘጋጀ ሰው ከግዢው በፊት አንዴ መታየት ሊበቃው ይችላል፤ ለአዲስና ለውስብስብ ነገር ግን 3ም ሊያንስ ይችላል። ቁጥሩ ከዓላማው ይወጣል።

ጥያቄ አለኝ
እሱን እቀበላለሁ። 3 ይሁን 2 ዓላማው ይወስን፤ የኔ ነጥብ ስርጭቱ ይታይ ነው።

ሠንጠረዥ
3 እና ከዚያ በላይን ማስላት ከፈለግሽ የሪች ቀመሩ አይበቃም፤ ከየሚዲያው የፍሪኩዌንሲ ስርጭት ያስፈልግሻል፦ ምንም ያላየ፣ 1 ጊዜ ያየ፣ 2 ጊዜ ያየ ስንት በመቶ። ከዚያ በኋላ፦
በጠቅላላው ምንም ያላየ፦ የሦስቱ «0» ሲባዙ።
በጠቅላላው 1 ጊዜ፦ አንዱ ሚዲያ 1፣ ሌሎቹ 0። ሦስት ብዜት ይመጣል፣ ይደመራል።
በጠቅላላው 2 ጊዜ፦ አንዱ 2 ሌሎቹ 0 (ሦስት ብዜት)፣ ሁለቱ 1 አንዱ 0 (ሌላ ሦስት)። ስድስቱ ይደመራሉ።
ሦስቱን ውጤቶች ደምረሽ ከ100 ስትቀንሺ የቀረው 3 እና ከዚያ በላይ ነው። ስርጭቱ ከሌለሽ በአማካዩ ፈጥረሽ እንዳትሞዪው፤ «አልተለካም» ብለሽ ተይው።

ፈጣን
ነገ 3 ሰዓት ነው እኮ ያለችው! 74% ትጻፍ፣ ሌላው በሌላ ቀን።

መሠረት
ሁለት ነገር ብቻ ጨምሬ ልተዋት። አንደኛ፣ 760,000ው ሰው ነው ወይስ አካውንት? አንድ ሰው ሁለት ስልክና ሁለት አካውንት ካለው ሁለት ሆኖ ሊቆጠር ይችላል፤ ያኔ ሪቹ ተጋንኖ ፍሪኩዌንሲው ያንሳል። መድረኩ በሰው ነው የቆጠርኩት ካላለ በግርጌው ማመልከት አለብሽ። ሁለተኛ፣ ኢምፕሬሽኑ የቀረበ ነው ወይስ የታየ? በሚዲያ ሬቲንግ ካውንስል (የሚዲያ መለኪያ ደረጃ የሚያወጣ የአሜሪካ ተቋም) መለኪያ «የታየ» ለመባል የማስታወቂያው ምስል ቢያንስ 50% ስክሪን ላይ ለ1 ተከታታይ ሰከንድ መቆየት አለበት፣ ቪዲዮ ከሆነ ለ2 ሰከንድ። ዋጋ በሲፒኤም (የ1,000 ኢምፕሬሽን ዋጋ) ስታወዳድሪ አንዱን በቀረበ፣ ሌላውን በታየ ካሰላሽው የረከሰ የመሰለሽ ውድ ይሆናል። ወጪው ለ«የታየ» ኢምፕሬሽን ተካፍሎ በ1,000 ይባዛ፤ ያኔ ነው የሚነጻጸረው።

ቀን ቆጣሪ
እኔም አንድ። የቴሌቪዥኑ 300 ጂአርፒ የታቀደው ነው ወይስ የተላለፈው? 60%ቱ ከዕቅዱ ሠንጠረዥ የተቀዳ ከሆነና ያልተላለፉ ወይም ሰዓታቸው የተገፋ ስፖቶች ካሉ፣ ያንቺ 74% ከዲጂታሉ እውነተኛ ቁጥር ጋር ዕቅድ እየቀላቀለ ነው። የማስተላለፊያ ማረጋገጫውን አውጥተሽ ከማዘዣው ጋር ስፖት በስፖት አመሳክሪ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የስፖቱ ርዝመት። የጎደለውን ለይተሽ ማካካሻ ስፖት በጽሑፍ ጠይቂ፤ ማካካሻው የሚለካው በስፖት ብዛት ሳይሆን በጎደለው ጂአርፒ ነው። ከፕራይም ታይም የወደቀ አንድ ስፖት እኩለ ሌሊት ላይ በሚተላለፍ አንድ ስፖት አይተካም። ፀደይ፣ የትኛው ነው?

ዋዛ
ተኝታ ይሆናል፣ ፈጣን ተኚ ብሏት ነበር።

አዲስ ገቢ
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፤ እኔም ተመሳሳይ ሪፖርት እየሠራሁ ነው። ቢልቦርድም አለብኝ፤ አቅራቢው በቀን የሚያልፈውን መኪና ብዛት ነው የሰጠኝ። እሱንም በዚሁ ቀመር ላስገባው?

መሠረት
አታስገባው። በየቀኑ የሚያልፈው በአብዛኛው ያው ሰው ስለሆነ የመኪና ቆጠራ ሪች ሊሆን አይችልም፤ በ30 ቀን ስታባዛው የሚመጣው የመታየት ዕድል ነው፣ የሰው ብዛት አይደለም። በመኪና ውስጥ ስንት ሰው እንዳለና ሰሌዳው ከየትኛው አቅጣጫ እንደሚታይም ቆጠራው አይነግርህም። የተለካ የተለየ ሰው ቁጥር ካልሰጡህ ለብቻው በራሱ ረድፍ «የመታየት ዕድል» ብለህ አስቀምጠው፤ ከጠቅላላ ሪቹ ጋር አታገናኘው።