በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ዜሮ ብር፦ የአባቴን ቴምብሮች ሰው እንዲያያቸው ምን ላድርግ?

የቆርቆሮዋ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡልኝ።

አባቴ ሲያርፍ ለእኔ የደረሰኝ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ውስጡ ቴምብር ነው፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ በወረቀት መሃል የተከተተ፣ አንዳንዱም ከነፖስታው። ስለ ቴምብር ምንም አላውቅም ነበር። አንድ ክረምት መብራት በጠፋ ቁጥር ቆርቆሮውን እየከፈትኩ ሳይ ሳይ ገባሁበት። አሁን ነፃው ብሎገር ላይ ዌብሳይት ከፍቼለት 140 ገጽ ደርሷል። ቴምብሩን ስካን አደርጋለሁ፣ ከሥሩ ስለሱ ያነበብኩትን እጽፋለሁ፣ አባቴ በእርሳስ የጫጫራት ነገር ካለች እሷንም እጨምራለሁ።

ችግሩ ማንም አያየውም። በቀን 11 ሰው። ከ11ዱ አራቱ እኔ ነኝ፣ አንዷ እህቴ ናት።

የምሠራው ሀዋሳ፣ ባንክ ቤት ነው። ሒሳብ መዝጊያ ሰሞን ቤቴ የምገባው በጨለማ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። የእኔ የምለው ጊዜ እሑድ ትንሹ ሲተኛ፣ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ነው። እሱም ከተኛልኝ። ገንዘብ ደግሞ አይታሰብም። ባለቤቴን "ለቴምብር ማስታወቂያ ብር ስጠኝ" ብለው የሚያየኝን አስተያየት ከአሁኑ አውቀዋለሁ።

እውነት ለመናገር አንዴ ከፍያለሁ፤ እሱ አልሰማም እንጂ። 1,500 ብር። "ቻናልሽን አሳድግልሻለሁ" ያለኝ አንድ ልጅ ነበር። በሁለት ቀን ቴሌግራሜ ላይ 3,000 ሰው ገባ። ደስ ብሎኝ ለእህቴ ስክሪንሾት ላኩላት። ከዚያ የምኒልክን ቴምብር ለጠፍኩ። ያየው 19 ሰው! ለካ የገባው ቁጥር እንጂ ሰው አይደለም። ብጽፍለት ልጁ ብሎክ አደረገኝ።

ቲክቶክ ሥሪ እንዳትሉኝ። ሞክሬዋለሁ፤ ቴምብር አይጨፍርም።

ልሸጥ አይደለም፣ ታዋቂ ልሁንም አላልኩ። ይህን ነገር የሚወድ ሰው የሆነ ቦታ አለ። እሱ እንዲያገኘኝ በእነዚያ ሁለት ሰዓቶች ምን ላድርግ?

ሳሪስ አዲሱ ሰፈር፦

ሰላም እህቴ። እኔም የድሮ ካሴት ሽፋኖች የምለጥፍበት ዌብሳይት አለኝ፤ ሕመምሽ ይገባኛል።

ገብቼ አየሁልሽ። ሥራሽ ያምራል፣ ግን የገጾችሽ ርዕስ ምንድን ነው? "ቁጥር 47"። "ቁጥር 48"። በእናትሽ፣ ጉግል ላይ ገብቶ "ቁጥር 47" ብሎ የሚፈልግ ማን ነው? ሰው እንደሚጽፈው ጻፊው፦ "የአፄ ምኒልክ የመጀመሪያ ቴምብር፣ ሩብ ግርሽ"። ብሎገር ላይ ርዕሱን ብትቀይሪ የወጣው ሊንክ አይቀየርምና አትስጊ።

ሁለተኛ፣ ፊደል። አንቺ "ምኒልክ" ብለሽ በትክክሉ ጽፈሻል። ሰው ግን "ሚኒሊክ" ይላል፣ "ምንሊክ" ይላል። "ኃይለ ሥላሴ"ን "ሀይለስላሴ" ብሎ የሚፈልገው ይበዛል። "ቴምብር" ራሱ "ቴምበር" ይሆናል። አማርኛ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ሀ፣ ሐ እና ኀን እንደፈለገ ነው የሚቀያይረው። የቋንቋ መምህር ቢቆጣም ግድ የለሽም፤ ጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ "አንዳንዶች ሚኒሊክ ብለው የሚጽፉት" ብለሽ አስገቢው። እኔ የዘፋኞቹን ስም በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ካስገባሁ በኋላ ነው ሰው መምጣት የጀመረው።

ሦስተኛ፣ ስካንሽ። አንዷ ስዕል 6 ሜጋ ናት! አንዱን ገጽ ስከፍት 40 ሜጋ በላብኝ። 100 ሜጋ የቀን ፓኬጅ ገዝቶ የገባ ሰው ሁለት ገጽ አይቶ ይሄዳል፣ ያውም እየረገመሽ። ለገጹ 150 ኪሎ ባይት አካባቢ አድርጊያት፤ ትልቁን ማየት ለሚፈልግ ሊንክ አስቀምጪለት።

ቴሌግራም ላይ ስትለጥፊም ሊንኩ ከነስዕሉ መውጣቱን እዪ። ባዶ ሰማያዊ ጽሑፍ ማንም አይነካም። ስዕሉ አልመጣ ካለ ወይም የድሮው ከመጣ ሊንኩን ዌብፔጅቦት ለሚባለው ቦት ላኪለት፣ ያድሰዋል።

ጉግል ሰርች ኮንሶልን አንድ እሑድ ክፈቺው። ነፃ ነው፤ ብሎገርም የጉግል ስለሆነ ማረጋገጫው አያስቸግርም። ሰው ምን ብሎ ጽፎ እንደደረሰብሽ ያሳይሻል። ደግሞ ብሎገር ላይ የራስሽን ጉብኝት እንዳይቆጥር ማድረግ ትችያለሽ። አራቱን ቀንሺልን እስቲ 😄

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም እህት። ከተሰጠሽ ምክር ላይ አንድ ልጨምር።

የኢትዮጵያን ቴምብር ከሚሰበስቡት ብዙዎቹ አማርኛ አያነቡም። ጀርመን አለ፣ ጣሊያን አለ፣ አሜሪካ አለ። እነሱ ደግሞ በስም አይፈልጉም፤ በካታሎግ ቁጥር ነው፤ ካታሎግ ቴምብሮችን ቁጥር እየሰጠ የሚዘረዝር መጽሐፍ ነው። አሜሪካኖቹ በስኮት፣ ጀርመኖቹ በሚሼል፣ እንግሊዞቹ በስታንሊ ጊበንስ። በፈረንጆች የ1894ቱ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች በስኮት ከ1 እስከ 7 ናቸው። ከእያንዳንዱ ገጽ ሥር ቁጥሩን እና ሁለት መስመር እንግሊዝኛ ብቻ ጨምሪ። ገጹን በሙሉ አትተርጉሚ፣ ጊዜ የለሽም።

ዓመተ ምህረቱንም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊ። አንቺ "1887" ብለሽ ዝም ብለሻል። ፈረንጁ 1887 ሲያይ "ይህች ሴት ተሳስታለች" ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ራሴ እዚህ ስኖር ዘንግቼው "እንዴ፣ ያኔ ቴምብር ነበረን?" ብዬ ደነገጥኩ። ልዩነቱ እንደ ወሩ ሰባት ወይም ስምንት ስለሆነ በጭንቅላት አታስቢው፣ ትስቻለሽ።

የሰብሳቢዎች የፌስቡክ ግሩፖች ውስጥ ስትገቢ ግን ሊንክ ይዘሽ አትግቢ። መጀመሪያ የሰው ጥያቄ መልሺ። አንድ ሰው በአማርኛ የተመታ የፖስታ ቤት ማኅተም ለጥፎ "ምን ይላል?" ሲል አንቺ በአምስት ሰከንድ ታነቢዋለሽ። ለእሱ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ፕሮፋይልሽን ራሱ ይከፍተዋል።

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር።

እኔ የኮምፒውተሩን ነገር አላውቅበትም፤ ይህንንም የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ቴምብር ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰብስቤአለሁ። ገጾችሽን አሳየችኝ። ስለ አንድ ግርሹ ቴምብር የጻፍሽው "ፓሪስ ታተመ፣ ቀለሙ ሰማያዊ ነው" ይላል። በቃ? ይህንንማ ካታሎጉም ይለዋል። የቀረጸው ሙሾን የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ከሰባቱ አራቱ ላይ ምኒልክ፣ ዋጋቸው ትልልቅ የሆነው ሦስቱ ላይ አንበሳ ነው። ደስ የሚለው ደግሞ ሌላ ነው፦ ኢትዮጵያ በፈረንጆች 1908 የዓለም የፖስታ ኅብረት እስክትገባ ድረስ የእኛ ቴምብር ብቻውን ደብዳቤን ባሕር አያሻግረውም ነበር። የፈረንሳይ ቴምብር ተጨምሮበት በጂቡቲ በኩል ነበር የሚወጣ። አንድ ፖስታ ላይ ምኒልክና ፈረንሳይ ጎን ለጎን! ይህን ጻፊው። ሰው ለጓደኛው የሚልከው የቀለሙን ነገር አይደለም።

ሌላው። የአባትሽን የእርሳስ ጽሑፍ ለምን ከታች ቀበርሽው? "ይህችን ከአቶ እገሌ በሁለት ቁርስ ለወጥኩ" ብሏል። ልጅቷ ስታነብልኝ ሳቅ ገደለኝ። እሱን ከላይ አድርጊው።

ያላወቅሽውን ደግሞ አትደብቂ። በሳምንት አንድ ያልተነበበ ማኅተም ለጥፈሽ "ይህ የት ነው?" በይ። እኛ ሽማግሌዎች ማረም እንወዳለን።

አዲስ አበባ ስትመጪ ዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ ያለውን የፖስታ ሙዚየም ሳታይ እንዳትመለሺ። አድራሻሽን በቁራጭ ወረቀት ጽፈሽ ያዢ፤ እዚያ የሚመጣው እንደኔ ዓይነቱ ሰው ነው፣ ሊንክ ቢሉት አይገባውም።

የቆርቆሮዋ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ስድስት እሑድ አልፏል፤ አንዱን ትንሹ አልተኛልኝም፣ አንዱ ሰርግ ነበር። ስለዚህ አራት ነው።

የ60 ገጽ ርዕስ ቀየርኩ። ስዕሎቹን አሳነስኩ። የካታሎግ ቁጥሩን እስካሁን ለ22 ብቻ ነው የጻፍኩት፤ አንዱን ተሳስቼ አንድ ጀርመናዊ በኢሜይል አረመኝ፣ በጣም በትሕትና። 3,000ውን ጉድ ይዤ መቀጠል አስጠላኝና ቻናሉን አጥፍቼ አዲስ ከፈትኩ። 58 ሰው አለው። ይናገራሉ!

ከሁሉ የሠራው የጋሼ ምክር ነው። አንድ ፖስታ ላይ ማኅተሙ ተፍቆ የቀረችው "ሬ" ብቻ ናት። "ይህ የት ነው?" ብዬ ለጠፍኩት። አንዱ "ጎሬ ነው፣ ምን ጥያቄ አለው" አለ። ሌላው "ቡሬ ነው" አለ። ሦስተኛው መጥቶ "የትኛዋ ቡሬ? የጎጃሟ ወይስ የኢሉባቦሯ?" አለና ነገሩ ተቀጣጠለ። የጎሬ ልጆች ግሩፓቸው ውስጥ አጋሩት፣ የጎጃሞቹም አልተኙም። ያን ቀን ብቻ 212 ሰው ገባ። አሁን በአማካይ በቀን 34 ነው፣ እኔን ሳይጨምር።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ክርክሩን ለመጨረስ ቴምብሩን ከፖስታው ላይ በእንፋሎት አላቅቄ ከሥሩ የገባ ማኅተም ካለ ልይ ብዬ ነበር። ማንቆርቆሪያው ተጥዷል።

ጡረተኛው፦

ልጄ! ማንቆርቆሪያውን አውርጂ! ቴምብሩ ከፖስታው ከተላቀቀ የት ተመታ፣ ወዴት ሄደ የሚለው ሁሉ አብሮት ጠፋ። እንደዚህ ያለ ነገር የሚፈለገው ከነፖስታው ነው። በእርጥብ እጅሽም እንዳትነኪው። ይልቅ ጀርባውን አይተሻል? ደብዳቤ ያለፈበትና የደረሰበት ፖስታ ቤት ከኋላ ነበር የሚመታው።

የቆርቆሮዋ ልጅ፦

አውርጄዋለሁ፣ ሻይ አፈላሁበት።

ጋሼ፣ ጀርባውን አላየሁትም ነበር። አሁን ገለበጥኩት። ሌላ ማኅተም አለ። እሱም ግማሹ ጠፍቷል፤ የሚታየኝ "አ" ብቻ ነው። እሑድ እለጥፈዋለሁ።